ለሦስት ደቂቃ ሁለት ሰዓት

«ሜሞሪ ካርዱ ሞልቷል።»

ካሜራዬ ይህን ያረዳኝ ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ አንድ ጣት ሲቀራት ነው። ቦታው የቴል አቪቭ ጎረቤት የሆነችው የያፎ ጥንታዊ ወደብ፣ ወሩ ኅዳር። ከማለዳ ጀምሮ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ድንች ስልጥ፣ ድስት ስፈትግ ውያለሁ። 9 ሰዓት ላይ ሽርጤን አውልቄ፣ ከወር በፊት የገዛኋትን ያገለገለች ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ አውቶቡስ የተሳፈርኩት ለዚያች ቅጽበት ነበር። ቅጽበቷ ስትመጣ ካርዱ ጢም ብሏል። በምን? በወደቡ ድመቶች፣ በታሰሩ ጀልባዎች፣ አይስክሬም በያዙ ሕፃናት፣ ሳላውቀው በተነሳው በገዛ ጫማዬ።

ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ማጥፋት ጀመርኩ። አንድ ድመት፣ ሁለት ድመት፣ ሦስት ድመት። ቀና ስል ፀሐይዋ የለችም።

ነቢዩ ዮናስ ከተላከበት ሸሽቶ መርከብ የተሳፈረባት ኢዮጴ ይህቺው ያፎ ናት፤ ከዚህ ወደብ መሸሽ በእኔ አልተጀመረም። ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ልነሳ ስል፣ አጠገቤ በዘንግ ዓሣ የሚያጠምዱ አዛውንት ዞር አሉ። አነጋገራቸው የጎንደር ነው።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ ነዋ፣ አባባ። ጠለቀች እኮ! ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ ልቀመጥ?»

«እሷን ምን ታደርጊያታለሽ? ሰማዩ ገና መቅላቱ ነው። አረፍ በይ።»

አረፍ አልኩ። ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። መጀመሪያ አድማሱ እንደ ጠጅ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ የደመናው ሆድ ከሥር እሳት የተለኮሰበት ይመስል በርበሬ መሰለ። ባሕሩም ያንኑ ቀለም ተቀብሎ እስከ እግራችን ድረስ አመጣው። አዛውንቱ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከፊት ለፊታቸው ያ ሁሉ ቀለም፣ እሳቸው ጥቁር ጥላ። ድመቶቹን አጥፍቼ ባገኘሁት ቦታ ያነሳሁት ያንን ነው። ፎቶው ዛሬም ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፀሐይ የለችበትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። የፀሐይዋ የታችኛው ጠርዝ ባሕሩን ከነካበት አንሥቶ ጭራሽ እስከምትሰወር ድረስ ያለው ጊዜ ያፎ ላይ ከ3 ደቂቃ ያነሰ ነው። አገር ቤት ደግሞ ከዚህም ትንሽ ይፈጥናል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ሦስት ደቂቃ ነው። ፎቶውን የሚሠራው ግን ከእሷ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ተኩልና ከእሷ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ለሦስት ደቂቃ ሁለት ሰዓት! በሕይወታችሁ የምትጠብቋት ትልቋ ቀንም ሒሳቧ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንደኛ፦ ሰዓቱን እወቁ፣ ቀድማችሁ ድረሱ

አገር ቤት ፀሐይ ታማኝ ናት። በጋ ይሁን ክረምት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ትገባለች፤ የሰዓት አቆጣጠራችንም ቀኑን የሚዘጋው በእሷ ነው። ያፎ ስትመጡ ይህ ልማድ ያሳስታችኋል። በኅዳር መጨረሻ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ትጠልቃለች። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ለምሽቱ 2 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው። አገሬው በሞቃቱ ወራት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋው ልዩነቱ ከ3 ሰዓት ይበልጣል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን የደረስኩት ጨለማ ላይ ነው። ፀሐይዋን ልወቅሳት አልቻልኩም፤ የምትጠልቅበት ደቂቃ ስልኬ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ያላየሁት እኔ ነኝ።

አሁን ጠዋት አይቼ እወጣለሁ። ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሜ ደርሼ ካሜራውን ሳላወጣ እዞራለሁ። ማዕበሉ እስከ የትኛው ድንጋይ ይደርሳል? ፀሐይዋ የምትወርደው በየትኛው ጀልባ ምሰሶ በኩል ነው? እርጥብ አሸዋው ሰማዩን እንደ መስታወት የሚያሳየው ከየት ስቆም ነው? ከዚያ ሌንሱን እወለውላለሁ፤ የባሕር ነፋስ የጨው ጠብታ ይዞ ስለሚመጣ ንጹሕ የመሰለ ሌንስ ፀሐይ ሲያርፍበት ጉም ይለብሳል። ባትሪው ሙሉ፣ ካርዱ ባዶ። ድመቶቹ ላይ አንድ ፎቶ ይበቃል።

አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። «ዕድል አልገጠመኝም» ስንል ብዙ ጊዜ የሆነው ሌላ ነው፦ ዕድሉ ገጥሞን ካርዳችን ሞልቶ ነበር። የሥራ ማስታወቂያው ሲወጣ ማስረጃችን አልተዘጋጀም። አንድ ሰው «ሥራሽን እስኪ አሳዪኝ» ሲል የሚታይ ነገር አልነበረንም። እስኪ ዛሬ ማታ የራሳችሁን ካርድ ክፈቱና እዩት። ቦታውን የያዘው ምንድን ነው? ስንቱ ሰዓት፣ ስንቱ ቂም፣ ስንቱ ወሬ ነው ደጋግመን ያነሳነው ድመት? ፀሐይዋ ስትደርስ ለማጥፋት ጊዜ የለም፤ አሁን ነው ማጥፋት።

ሁለተኛ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልያዝ አትበሉ

ዓይናችን የሚነደውን ሰማይና የጠቆረውን ድንጋይ አንድ ላይ አጥርቶ ያያል። ካሜራ እንደ ዓይን አይችልም። ድንጋዩን ላሳይ ካለ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ሰማዩን ላሳይ ካለ ድንጋዩ ይጨልማል። ብዙ ጀማሪ የሚያዝነው እዚህ ጋ ነው፦ «ያየሁት ሌላ፣ ፎቶው ሌላ።»

መላው መምረጥ ነው። ስልክ ከያዛችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ከፀሐይዋ ጎን ያለውን ደማቅ ሰማይ በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙት። ትንሽ ምልክት ስትመጣላችሁ ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡት። ሰማዩ ጥልቅ ይላል፣ ቀለሙ ይመለሳል፤ ከፊት ያለው ሰው፣ ጀልባ ወይም ዘንግ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ጥላው ጉድለት አይደለም፤ አዛውንቱን አዛውንት ያደረጋቸው እሱ ነው። የፊታቸው መስመር ባይታይም የትከሻቸው ጎበጥ ማለት ሁሉን ይናገራል። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ የቀለም ማስተካከያውን ለራሱ አትተዉለት፤ ምሽቱ በጣም ቀላ ብሎ ሊያቀዘቅዘው ይሞክራል። የፀሐይ ወይም የደመና ምልክት ያለበት ላይ አድርጉት።

«ሁለቱም ያስፈልጉኛል» ብትሉስ? ለዚህ ጉስታቭ ለ ግሬ የሚባል ፈረንሳዊ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ፎቶ የሚቀረጽበት መስታወት በሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስለሚነካ፣ ባሕሩ በደንብ ሲወጣ ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። አብዛኛው ፎቶ አንሺ አይቻልም ብሎ ተወው። በሠዓሊነት የሠለጠነው ለ ግሬ ግን ባሕሩን በአንድ መስታወት፣ ሰማዩን በሌላ መስታወት አነሳና ሁለቱን አድማሱ ላይ አጋጥሞ በአንድ ወረቀት አተማቸው። እ.ኤ.አ. በ1857 በፈረንሳይ ደቡብ «ሴት» በተባለች የወደብ ከተማ ያነሳው «ታላቁ ማዕበል» የዘመኑን ሰው አፍ ያስያዘ ነበር። ባሕሩ ይኸው የእኛው ነው፤ ያፎ የሚደርሰው ሜድትራንያን። ለ ግሬ በኋላ ንግዱ ከስሮ ፓሪስን ጥሎ ወጣ፤ ካይሮ ገብቶ ሥዕል እያስተማረ ኖረና እዚያው በ1884 አረፈ። ዘዴው ግን አልሞተም። ዛሬ ኪሳችሁ ያለው ስልክ አንዴ ስትነኩት በብርሃን የተለያዩ ብዙ ፎቶዎችን አንሥቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ለ ግሬ በመስታወት የደከመበትን እሱ በቅጽበት ይጨርሰዋል።

«ሥራም ትምህርትም ልጅም አለብኝ፣ እንዴት ይሆናል?» የምትሉ፣ መልሱ ለ ግሬ ጋ ነው። ሁሉንም በአንድ ሰዓት በአንድ መስታወት ላይ ለማስፈር አትታገሉ። ሥራውን በሰዓቱ፣ ደብተሩን በሰዓቱ፣ ልጁን በሰዓቱ። እያንዳንዱ በራሱ ብርሃን በደንብ ይነሳ፤ መጋጠሙ ኋላ ይመጣል። አብራኝ ኩሽና የምትሠራ ጓደኛዬ የነርስነት ትምህርቷን የጨረሰችው እንዲህ ነው፦ ሽንኩርት ስትከትፍ ሽንኩርት ነው፣ ማታ መጽሐፍ ስትከፍት መጽሐፍ ነው። ሁለቱን ቀላቅላ አንድም ቀን አላየኋትም።

ሦስተኛ፦ ደመና አያስቀራችሁ

የያፎ ሰማይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ አያውቅም ማለት ይቻላል። ጥርት ያለ፣ እንከን የለሽ ሰማያዊ ነው። እኔም ሞኝ፣ በጋውን ሙሉ ተመላለስኩ። ያገኘሁት ሁሌ አንድ ነው፦ ክብ ቢጫ ፀሐይ፣ ባዶ ሰማይ፣ ደኅና ግን የማይናገር ፎቶ። ዝናቡ ሲጀምር፣ ሌላው ሰው ዣንጥላ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ነው ቀለሙ የመጣው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፀሐይ አድማስ ላይ ስትደርስ ብርሃኗ ወደ እኛ የሚመጣው ረጅም የአየር መንገድ አቋርጦ ነው። በመንገዱ ላይ ሰማያዊው ክፍል እየተበተነ ይቀርና ቀዩ ይደርሳል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1871 ያብራራው ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በኋላ በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ታዲያ ቀዩ ብርሃን ቢደርስም የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ከፍ ብሎ የሳሳ ደመና ለብርሃኑ ሸራው ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ቀለም አለ፣ ሸራ የለም።

ሁሉም ደመና ይጠቅማል እያልኩ አይደለም፤ አድማሱን የዘጋ ዝቅተኛ ደመና ምሽቱን ይዞት ይሄዳል። አንዳንድ ችግርም እንዲሁ ነው፤ ምንም አያስተምርም፣ ማለፍ ብቻ ነው። ግን ከቤት ሳትወጡ የትኛው ደመና የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ሰማዩን በመስኮት አይታችሁ «ዛሬ አይሆንም» አትበሉ። ሄዳችሁ ቁሙ። ከአምስት ደመናማ ምሽት አራቱ ባዶ እጄን መልሶኝ ያውቃል፤ አምስተኛው የአራቱን ዕዳ ከነወለዱ ከፍሎኛል።

አራተኛ፦ እዚያው ተመለሱ

«ባሕር ያው ባሕር ነው፤ ስንት ጊዜ ይነሳል?» የምትሉኝ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ቶኪዮ የተወለደው ፎቶ አንሺ ሂሮሺ ሱጊሞቶ ከ1980 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የተለያዩ ባሕሮችን ሲያነሳ ኖሯል። መርከብ የለ፣ ወፍ የለ፣ ሰው የለ፤ እላይ ሰማይ፣ እታች ውሃ፣ መሐል ላይ አድማስ። ቀለም እንኳ የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ከባሕር ባሕር እየዞረ ያችኑ አንዲት መስመር ያነሳል። ፎቶዎቹ የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ደርሰዋል። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ጉሙ፣ ብርሃኑ፣ የውሃው ቆዳ በእያንዳንዱ ሌላ ነው።

ሰው ቶሎ የሚሰለቸው ብዙ ስላየ አይመስለኝም፤ አንዱን ነገር በቅጡ ሳያይ ወደ ሌላው ስለሚዘል ነው። እኔ ራሴ አንድ ድንጋይ ላይ ሠላሳ ጊዜ ያህል ከቆምኩ በኋላ ነው አድማሱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለብኝ መሆኑን ያየሁት። ካሜራውን የምይዝበት ክንዴ ሲደክም ያጋድል ነበር። ቦታ ብቀያይር ኖሮ ጥፋቱን በቦታው አላክኩ ነበር። እዚያው በመመለሴ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ታወቀ፤ የታወቀ ጥፋት ደግሞ ይታረማል። ሥራችሁን በየሦስት ወሩ፣ ሕልማችሁን በየዓመቱ የምትቀይሩ ከሆነ፣ የሚያጋድለው ክንድ የእናንተ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

አምስተኛ፦ ጠለቀች ብላችሁ አትነሱ

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ያን ምሽት የተናገሩት የዕድሜ ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ ሳይንሱም ይደግፋቸዋል። ፀሐይዋ ባሕሩን ነካች ብለን የምናያት፣ እውነተኛዋ ፀሐይ ከአድማስ በታች ከወረደች በኋላ ነው። አየሩ ብርሃኗን ስለሚያጎብጠው ነው አሁንም ያለች የምትመስለን። እና «አለቀ» የምንልበት ሰዓት ድሮም የእኛ ግምት ነው። ከጠለቀች በኋላም ብርሃኗ ከታች ወደ ላይ የደመናውን ሆድ መምታቱን ይቀጥላል። ሰማዩ ከመጨለሙ በፊት ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ደኅና ብርሃን አለ።

በዚያ ሰዓት የባሕሩ ዳርቻ ባዶ ይሆናል። ፀሐይዋ ስትገባ ያጨበጨበው ሕዝብ ወንበሩን አጥፎ ሄዷል። የእናንተ ሰዓት ነው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አጥብቁ። የካሜራውን የብርሃን ስሜት (አይኤስኦ) 100 ላይ አውርዱ፣ የብርሃን በሩ (ሹተሩ) ሁለት ሰከንድ ክፍት ይቆይ። እጃችሁ እንዳያነቃንቀው ራሱ ቆጥሮ የሚያነሳበትን ተጠቀሙ። ማዕበሉ ድንጋዩን ሲያቅፍ እንደ ሰንደል ጭስ ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ፀሐይዋ ገና እያለች በረጅም ሌንስ ማያ ቀዳዳ ውስጥ ትኩር ብላችሁ አትዩዋት፣ ዓይን ይጎዳል፤ ለባሕርም ጀርባችሁን አትስጡ። ደግሞ ዕለቱ ዓርብ ከሆነ፣ ፀሐይ ስትገባ ለብዙው የአገሩ ሰው ሰንበት ገብቷል፤ አዛውንቱም ዓርብ ማታ ዘንግ አይነኩም። ካሜራችሁን ሰው ላይ አታነጣጥሩ።

ፈተናውን ወድቃችሁ፣ ቪዛው ተከልክሎ፣ ንግዱ ከስሮ፣ ዕድሜዬ ሄደ ብላችሁ ቦርሳችሁን የዘጋችሁ ካላችሁ፦ ያ ጠለቀ የምትሉት ነገር እውነት ጠልቆ ሊሆን ይችላል። አልሸነግላችሁም። ቀለሙ ግን ገና መሆኑን የሚያውቀው ተቀምጦ የጠበቀ ብቻ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ስጡት። አንድ ማመልከቻ ጨምሩ፣ አንድ ገጽ ጨምሩ፣ አንድ ስልክ ጨምሩ። ከዚያ ከጨለመ በኋላ በሰላም ግቡ።

ባሕር ሩቅ ነው የምትሉ ምክንያት አታብዙ። ሐዋሳ ያላችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁሙ፤ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ነው የምትገባው። ባሕር ዳር ያላችሁማ ስማችሁ ራሱ ይጠራችኋል። ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ሎስ አንጀለስ ያላችሁ፣ የዕረፍት ቀናችሁን ምሽት ለአልጋ ብቻ አትስጡት፤ የቆማችሁበት ከተማ ባሕሩ ወደ ምዕራብ ነው። ካሜራ ባይኖር ስልክ ይበቃል፤ ስልኩ ቢሰነጠቅም ሌንሱ ይሠራል።

እንግዲህ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ካርዱን ባዶ አድርጉ፣ ባትሪውን ሰኩ፣ ነገ የምትጠልቅበትን ደቂቃ እዩ። ነገ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ውጡ። ከጠለቀች በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ። አጠገባችሁ ቦርሳውን ዘግቶ ሊነሳ ያለ ሰው ካያችሁም «ወዴት ነው? ሰማዩ ገና መቅላቱ ነው፣ አረፍ በል» በሉት።